ስለ ፎቶው

ለውድ አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ እንደምን ከረመ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፊደሉን እንዲህ አግዝፌ የጻፍሁት መነጽሩ አላሳይ እንዳለዎ ስለሰማሁ ነው። ደግሞ አደራ፣ ለብቻዎ ያንብቡት። እትዬ ስታነብልዎ ደስ ያላላትን መሥመር እንደምትዘል እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

እሑድ በስልክ «ምነው ልጄ፣ ምን አግኝቶህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» ሲሉኝ መሥመሩ ተቋረጠ። የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። የትንሣኤውን ፎቶ ይዘው እስከ ሱቁ ድረስ ሄደው «ይሄ ልጅ ታሟል፣ ይደብቁኛል» ሲሉ እንደነበርም ሰምቻለሁ።

አባባ፣ ያከሳኝ ሳይክል ነው። ባለፈው ነሐሴ 104 ኪሎ ነበርሁ፣ ዛሬ ጠዋት 91። ከሦስት ዓመት በፊት ስመጣ፣ ገና ከመኪና ሳልወርድ ሆዴን አይተው «ተመስገን፣ አሁን ገና ሰው መሰልህ» ያሉኝ ትዝ ይልዎታል? ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያሳዩኝ ዋሉ። ያን ዕለት የቤታችንን ሦስት ደረጃ ወጥቼ ልቤ እስኪረጋ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ደስታዎን ላበላሽ አልፈለግሁም።

ታክሲ እንደሚያውቁት የመቀመጥ ሥራ ነው። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ ሃያ ደቂቃ ተነድቶ፣ ተመልሶ ሁለት ሰዓት ነው። ወረፋው ላይ ለስላሳ አለ፣ ዶናት አለ፣ ወሬ አለ። ሌሊት 6 ሰዓት ገብቼ ደግሞ ባለቤቴ የሸፈነችልኝን አነሳለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሰው የመሰልሁት።

ሳይክሉን የሸጠልኝ ቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚያስቀድስ ሰውዬ ነው፣ በ120 ዶላር። ጋራዡ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ፣ ካቴናው ዝጎ ተቀምጦ ነበር። ካላማዳሪውን ራሴ ቀየርሁ፤ እጄ አልረሳውም። መጀመሪያ ቀን ሰው እንዳያየኝ ብዬ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። አራት ኪሎ ሜትር ሄጄ አንዲት አቀበት፣ እንዲያው ጉብታ ብትባል ይሻላል፣ አስወረደችኝና ገፍቼ አለፍሁ። ቤት ስደርስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ቀን ወንበር ላይ በወጉ መቀመጥ አልቻልሁም፤ ለተሳፋሪ ምን ይባላል?

መቀመጫውን እርስዎ እንዳስተማሩኝ ዝቅ አድርጌ ነበር፣ ሁለቱም እግር መሬት እንዲረግጥ። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን ከፊት ለፊት ይወጋኝ ጀመር። አንድ ሳይክል ጠጋኝ ልጅ አይቶ ሳቀብኝ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ትንሽ ብቻ ነው መታጠፍ ያለበት አለና ሦስት ጣት ያህል ከፍ አደረገው። ሕመሙ በሳምንቱ ተወኝ። ይኸው እንግዲህ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የተሳሳተ ትምህርት ይዤ ኖሬያለሁ። ለነገሩ ያን ጊዜ ፊኒክስ ሳይክልዎ ከእኔ ይረዝም ነበር፤ መቀመጫው ላይም አልደርስ፣ እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ጎብጬ፣ እንደ ሸርጣን በጎን ነበር የምነዳው። እርስዎ ከፈረቃ ወጥተው፣ የጥጥ ብናኙ ከቅንድብዎ ሳይረግፍ፣ የኋላውን መጫኛ ይዘው ከኋላዬ ሲሮጡ ይሰማኛል። «ወደ ጎማው አትይ! ወደ መንገዱ!» አሁንም ስነዳ የምሰማው ይህን ነው። ደግሞ ማረፊያ ላይ ስንቀመጥ ያቺን የሜልቦርን ወሬ ይጀምሩ ነበር። ኢትዮጵያ በ1949 መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስትሄድ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባ በሳይክል እንደተወዳደሩ፣ አበበ ሮም ላይ የሮጠው ገና ከአራት ዓመት በኋላ እንደሆነ። በ2008 ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲነዳ ልደውልልዎ አስቤ ነበር። አልደወልሁም። በዚያ ዓመት ብዙም አልደወልሁም፤ ምክንያቱ ወደ ታች አለ።

ኪሎው ግን ወዲያው አልወረደም። መጀመሪያውን ወር ሙሉ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰዓት ስነዳ 500 ካሎሪ ገደማ ባቃጥል ነው፤ እኔ ደግሞ «ደክሜያለሁ» እያልሁ ከዚያ የበለጠ በላሁበት። ለስላሳውን ተውሁ፣ የሌሊቱን እራት ተውሁ፣ ያኔ ነው መውረድ የጀመረው። ጥር ላይ በረዶ ወርዶ ቤት ስቀመጥ ሁለት ኪሎ ተመለሰብኝ። ሁዳዴን እየጾምሁ ነዳሁ። አይቆጡኝ፣ ቀስ ብዬ ነው፣ ውኃም ይዣለሁ፤ ካህኑንም ጠይቄያለሁ።

አሁን በሳምንት አራት ቀን እወጣለሁ። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ፖቶማክ በሚሉት ወንዝ ዳር 29 ኪሎ ሜትር የሚሆን የእግረኛና የሳይክል መንገድ አለ፤ ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለበት፣ እንደኛ ሐይቅ ዳር ማለት ነው፣ ዘንባባው ብቻ ይቀረዋል። መንገዱ ለዓመታት ወረፋ የጠበቅሁበትን ኤርፖርት ታክኮ ያልፋል። ግራቭሊ ፖይንት የሚሉት ሣር አለ፤ አውሮፕላኖቹ ሊያርፉ ሲወርዱ ከራስ በላይ ናቸው፣ ጎማቸው ተዘርግቶ ይታያል። እዚያ ወርጄ ውኃዬን እጠጣለሁ። ከዚያ ኤርፖርት ወደ አገር ቤት የሚበር የለም፣ የእኛው የሚነሳው ደለስ ከሚሉት ከሌላው ኤርፖርት ነው። ቢሆንም አንዱ ሲነሳ ሆዴ ይባባል።

ስለ ልጆቹ ልንገርዎ። ትልቋ ቁመቷ እናቷን አልፏል፤ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት፣ ስልክ ላይ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ጎበዝ ናት። ትንሹ ሳይክል ለመደ። እንደ እርስዎ ከኋላ ይዤው ሮጥሁ፤ ባለፈው ዓመት ቢሆን አሥር እርምጃ አልሮጥም ነበር። ስለቀው አላወቀም። ሃያ ሜትር ያህል ሄዶ ዞር ብሎ ሲያየኝ ወደቀ፣ ጉልበቱ ተላጠ፣ ተነስቶ «አባባ ትልቁ፣ አንተ ሳይክል ትችላለህ በለው» አለኝ። አንተ ይልዎታል፣ ይቅር ይበሉት፤ እዚህ ያደጉት ሁሉ ሰውን አንተ ነው የሚሉት። ይችሉ እንደነበር ነገርሁት። «አሁንስ?» አለኝ። ምን ልበለው?

እንግዲህ ወደማይቀረው ልምጣ።

ሳይክሉን የጀመርሁት ደስ ብሎኝ አይደለም። ሐኪሟ ደሜን አይታ የሦስት ወሩ የስኳር መጠንህ 6.3 ነው አለችኝ፤ 6.5 ሲሆን ስኳር በሽታ ይባላል። ከዚያ ወረቀቷን ይዛ ትጠይቀኝ ጀመር። አባትህ? ስኳር አለበት። እናትህስ? በሕይወት የለችም። በምን ሞተች?

አባባ፣ የምመልሰው አጣሁ። የአርባ ሰባት ዓመት ሰውዬ፣ እናቱ በምን እንደሞተች አያውቅም። «ድንገተኛ ሕመም» ነው የተባልሁት። ሐኪሟ ባዶውን ትታ አለፈች።

በ2003 መጋቢት ውስጥ ሦስት እሑድ ደወልሁ። በመጀመሪያው እሑድ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አላችሁኝ። በሁለተኛው ጠበል ሄዳለች። በሦስተኛው፣ ለፋሲካ ልብስ ብር ልልክላት ነው፣ ጥለቱ ምን ይሁንላት ብዬ ጠየቅሁ። ስልኩን የያዙት እርስዎ ነበሩ። ትንሽ ዝም ብለው «አረንጓዴ ይሁንላት» አሉኝ። ከተቀበረች 19 ቀኗ ነበር።

ቅዳሜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹን ሳይ ምንም አልመሰለኝም፣ እንቅልፍ ላይ ነበርሁ። ከኋላቸው የቆመችው ሴትዮ ፔርሙስ መያዟን ሳይ ነው የገባኝ። ሰው በዚያ ሰዓት ሻይ ይዞ የሚመጣው ለለቅሶ ብቻ ነው።

ፈተና ላይ ስለነበርህ ነው ተባልሁ። ያን ትምህርት እኮ አልጨረስሁትም። ለባዕድ አገር ሰው መርዶ በስልክ እንደማይነገር አውቃለሁ፣ እኔም እዚህ ስንቱን በር በሌሊት አንኳኩቻለሁ። ለእኔ አዝናችሁ እንደሆነም አውቃለሁ። ጥለቱን ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁትም። እርስዎስ ያቺን ቃል እንዴት አወጧት? አንዳንዴ፣ ብቻዎን ሆነው፣ እውነትም አረንጓዴ ትወድ ነበር ብለው አስበው ይሆን እላለሁ። ትወድ ነበር።

አሁን ደግሞ የእግርዎ ነገር። ማን እንደነገረኝ አይጠይቁኝ። እትዬ «ትንሽ ቁስል ናት፣ ደርቃለች» ትለኛለች። የግራ እግርዎ አውራ ጣት ከሁዳዴ በፊት መቆረጡን፣ ከጎኑ ያለውም እያሠጋ መሆኑን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ያን ቀን 30 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። በሕይወቴ ያን ያህል ነድቼ አላውቅም፤ ስመለስም ደክሞኝ አልተኛሁም።

ስለዚህ ይስሙኝ። በባዶ እግር ግቢ ውስጥ እንኳ አይሂዱ። እግርዎን በሙቅ ውኃ አይዘፍዝፉ፤ ስኳሩ ስሜቱን ስለሚያደነዝዘው ሲቃጠሉም አይታወቅዎም። ማታ ማታ የእማዬን መስታወት አምጥተው ከታች ይዩት፣ ካልታየዎ ያየችልዎ ልጅ ትኑር። ጠበሉን አይተዉ፣ የኢንሱሊን መርፌውንም አይተዉ። መብራት ሲጠፋ እትዬ መርፌውን ማሰሮ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርጋ ጥላ ቦታ ታስቀምጠው፤ ፍሪጁ ውስጥ በረዶ የሠራው መርፌ ደግሞ ይጣል፣ አያሳዝናችሁ። የስኳር መለኪያውን ወረቀት በዚህ መንገደኛ ልኬያለሁ፣ ስድስት ካርቶን። ለጎረቤት አይስጡት። ሰጥተው ያውቃሉ።

እኔም ቃል ልግባ። ከአሁን በኋላ ምንም አልደብቅዎም፤ ይኸው የመጨረሻው ቁጥሬ 5.9 ነው፣ በመስከረም እንደገና እለካለሁ፣ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም እነግርዎታለሁ። እርስዎም ይንገሩኝ። ሐኪሙ መጥፎ ነገር ካለዎት በዚያው ቀን፣ እኔ መሪ ይዤ ብሆንም፣ ልጆቹ ልደት ላይ ብሆንም። ፈቃድ እጠይቃለሁ፣ እበደራለሁ፣ መንገዱም እንደሚያውቁት ቢሆን እንደምንም እገባለሁ። ማንኛውንም ነገር ሰምቼ መቆም እችላለሁ። ፔርሙስ ተይዞ እንዲመጣብኝ ብቻ አልፈልግም።

ፖስታው ውስጥ ሦስት ነጭ ወረቀት አለ። በአንዱ ላይ እማዬ ምን እንደነበረባት ይጻፉልኝ፤ የሆስፒታሉ ወረቀት የት እንዳለ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ለጫማ ነው። እዚህ ለስኳር ሕመምተኛ በልክ የሚሠራ ጫማ አለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ ስፌቱ የማይነካ። ጠዋት ሳይሆን ወደ ማታ፣ እግር ካበጠ በኋላ፣ ወረቀቱን መሬት ላይ አድርገው ይቁሙበትና አንዱ ልጅ በእርሳስ ዙሪያውን ያስምርልኝ። ቀኙን በአንዱ፣ ግራውን በሌላው። ግራውን እንዳለ ያስምርልኝ፣ ጎድሎ ከሆነም ጎድሎ።

ልጅዎ