ስለ ሽሽት ዘፈኖች፦ አዝማቹን ብቻ አንስማ

ለአዘጋጁ፤

ስለ ዘፈን ግጥሞች ባወጣችሁት ጽሑፍ «ልሂድ፣ ልጥፋ» የሚሉ ዘፈኖች ሁሉ የነፃነት መዝሙር ተደርገው ቀርበዋል። በዚህ አልስማማም። ብዙዎቹ ከቦታ የሚሸሹ መስለው ከሰው የሚሸሹ ናቸው።

በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ የግጥሙን ተናጋሪ ልብ እንበል። መንገዱን ያወድሳል፤ የት እንደሚያደርሰው ግን አይናገርም። በዝርዝር የሚያሳየን ትቶት የሚሄደውን ክፍል ነው፦ ያልጠፋውን መብራት፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ካፖርት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የተኛችውን ሴት። ልቡ የቆረጠ ሰው ይህን ሁሉ ቆሞ አይቆጥርም። የሚያናግረውም እሷኑ ነው፤ አዝማቹ በተደገመ ቁጥር ተመልሶ እዚያው በር ላይ ይገኛል። (አንዳንዱ ዘፈን ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሳይወጣ ያልቃል።)

ይህ ሰውን የመቅረብ ፍርሃት የገጣሚዎች ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሲንዲ ሃዛን እና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጠየቋቸው ጎልማሶች ሩብ ያህሉ መቀራረብ ምቾት እንደሚነሳቸው ገልጸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ፍቅርን ይፈልጋል፤ ሲቀርቡት ግን ይጨንቀዋል። ይህን ጭንቀት ጀግንነት ብሎ መጥራት ዘፈኑን ይጎዳዋል፤ ግጥሙን ያሳመረው ማመንታት ይጠፋልና።

ለቀጣዩ ትችታችሁ አንድ ዘፈን ብቻ መርጣችሁ ከመጀመሪያው ስንኝ እስከ መጨረሻው ተንትኑልን፤ ተናጋሪው ማንን እንደሚያናግርም በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ግለጹ።

አንባቢያችሁ