ቀጣዩ እትማችን የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ስለ ብሪታንያ ኮሚክሶች (በተከታታይ ሥዕል ታሪክ የሚተርኩ መጽሔቶች) የምናሳትመው መጽሔት ቀጣይ እትም ከወትሮው ትንሽ ዘግይቶ እጃችሁ ይገባል። ዋጋው አልጨመረም፣ ገጹም አልቀነሰም። ከዚህ እትም ጀምሮ ግን በእያንዳንዱ ሥዕል ግርጌ የሠዓሊውና የደራሲው ስም ይታተማል። ጊዜ የወሰደብን ይኸው ነው።

ስም መጻፍ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። ለአዲሶቹ አያስቸግርም። ከ2012 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኦክስፎርድ የሚዘጋጀውን የልጆች ኮሚክ «ዘ ፊኒክስ»ን ስትገልጡ የሠሪዎቹ ስም እዚያው አለ። የድሮዎቹ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። እንደ ሠዓሊው ዳድሊ ዋትኪንስ ያሉ ጥቂቶች እንዲፈርሙ ቢፈቀድላቸውም፣ ብዙዎቹ ለዓመታት ያለ ስም ነው የሠሩት። ስሙ ከታወቀ ተፎካካሪ አሳታሚ ይወስደዋል ተብሎ ይፈራ ነበር። ደግሞም ሠዓሊው ሲለቅ ሌላ ይተካና አንባቢዎቹ ልጆች ሳይነቁ ታሪኩ ይቀጥላል።

ሠዓሊውን ሊዮ ባክሰንዴልን እዩት። በ1954፣ የስኮትላንዱ ዲሲ ቶምሰን ለሚያሳትመው የልጆች ኮሚክ «ቢኖ»፣ ኋላ «ባሽ ስትሪት ኪድስ» የተባለውን ታሪክ ጀመረ። የትምህርት ቤት ደወል ይደወላል፤ ልጆቹ አካባቢውን ያተራምሱታል። በአንድ ሰፊ ሥዕል ውስጥ አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይጎትታል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ማንም ያላስተዋለው ሌላ ጠብ ይነሳል። ለእያንዳንዷ ጥግ ተጨንቆ የሠራ ሰው ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬም «ቢኖ» ላይ አሉ። ባክሰንዴል ግን ለፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት መብት አሳታሚውን ከስሶ ሰባት ዓመት ተሟገተ፤ ጉዳዩ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ያለቀው በ1987 ነው። የእንደዚህ ዓይነቱን ሰው ሥዕል ስሙን ሳንጠራ ማተም አይሆንልንም።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ1977 በወጣው «2000 ኤዲ» በተባለው ኮሚክ ነው። እዚያ ይሠራ የነበረው ኬቨን ኦኒል የሠሪዎቹን ስም የያዘች ትንሽ ሳጥን ገጹ ላይ አስገባ። የዚያን ኮሚክ ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ጀጅ ድሬድን የፈጠሩትን፣ ደራሲውን ጆን ዋግነርንና ያንን ትከሻው ላይ ንስር ያረፈበትን ልብስ የነደፈውን ስፔናዊ ሠዓሊ ካርሎስ ኤዝኬራን ዛሬ አንባቢ በስም ይጠራቸዋል።

ስም ላልወጣላቸው ገጾች እኛ ቁጭ ብለን ሥዕሉን ከተረጋገጠ ሌላ ሥራ ጋር እናስተያያለን። ጫማ እንዴት ይሥላል? የእጅ ጣትስ? ተተኪው ሠዓሊ የቀዳሚውን እጅ እንዲመስል ይፈለግ ስለነበር ሥራው አድካሚ ነው። በዚያ ላይ ገበያ ሲደክም ኮሚክሶቹ ይዋሃዱ ነበር። «ላየን» በ1974 «ቫሊያንት» ውስጥ ገባ፣ «ቫሊያንት» በ1976 «ባትል» ውስጥ፣ «ባትል» በ1988 «ኢግል» ውስጥ። አንድ ታሪክ መጽሔት ሲቀይር ሠዓሊም ሊቀይር ይችላል። ማረጋገጫ ካጣን «ሠዓሊው አልታወቀም» ብለን እናትማለን፤ በግምት ስም አንሰጥም።

የዓመት ክፍያ የከፈላችሁ ደንበኞች የሚደርሳችሁ የእትም ብዛት አይቀነስም። እቤታችሁ የድሮ ኮሚክ ካለ፣ በተለይ ጠርዙ ላይ ፊርማ ወይም ፊደላት ካያችሁ፣ ገጹን ከነሽፋኑ በስልክ አንስታችሁ ላኩልን። ቀኑ እንዲታይ አድርጉ። ገጹን ግን እንዳትገነጥሉት፤ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ስለሆነ ሲያረጅ በቀላሉ ይቀደዳል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመጽሔቱ አዘጋጆች