መብራቱ መቼ እንደሚመጣ፦ ለእናቴ

ለተወደድሽው እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጀርመን ብርድ በቀር ሌላ ችግር የለብኝም።

ባለፈው እሑድ ስናወራ ጎንደር ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ቆይቶም የስልክሽ ባትሪ አልቆ ተቋረጥን። ከዚያ በፊት ግን «ይኼ የምትሠሪበት ማሽን መብራት መስጠት የሚጀምረው መቼ ነው?» ብለሽኝ ነበር። ሳልመልስልሽ በመቅረቴ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ገና ነው። እኔ ጡረታ በምወጣበት ጊዜ እንኳ ላይደርስ ይችላል።

ማሽናችን ፀሐይ የምትሠራውን በምድር ላይ ለመሥራት የሚሞክር ነው። ፀሐይ ደግሞ እንደ ማገዶ አይደለም የምትነደው። መሃሏ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው፤ እዚያ ሃይድሮጅን እየተዋሐደ ሂሊየም ይሆናል፤ ከውህደቱ የሚወጣው ኃይል ነው እኛ ዘንድ ብርሃንና ሙቀት ሆኖ የሚደርሰው። እኛ የፀሐይ ክብደት ስለሌለን ጋዙን ከእርሷ አብልጠን፣ ከ100 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ ማሞቅ አለብን። ይህን የሚችል ብረት ስለሌለ ፕላዝማው (እንዲህ የጋለው ጋዝ ስሙ ነው) ግድግዳ እንዳይነካ በማግኔት ኃይል ተይዞ በቀለበት ይዞራል። እንግሊዝ አገር የነበረው ጄት የሚባለው ማሽን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 መጨረሻ ሥራውን ከማቆሙ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በአምስት ስድስት ሰከንድ ውስጥ 69 ሜጋጁል ኃይል ሰጥቷል። በእኛ ቤት ቆጣሪ 19 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድሽን አምስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ያለቀው ነዳጅ ደግሞ 0.2 ሚሊግራም ነው። እማዬ፣ ይህ የአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ነው! ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ልቤ ይደነግጣል።

ግማሹን ደብቄ ላስደስትሽ ግን አልፈልግም። ፕላዝማውን ለማሞቅ የገባው ኃይል ከወጣው ይበልጥ ነበር። አሁን በደቡብ ፈረንሳይ የሚገነባው ኢተር የሚባለው ትልቅ ማሽንም ቢሆን ለሙከራ እንጂ ኤሌክትሪክ ለማመንጨት አልታቀደም።

ታዲያ እኔ ቀኑን ሙሉ ምን እሠራለሁ? ጋን አጥባለሁ። ይህን የምልሽ ከልቤ ነው። ማሽኑ ውስጥ ሙከራ ሲደረግ ያለው ጋዝ አንድ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ጥቂት አየር ወይም እርጥበት ከገባበት ፕላዝማው ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለጥገና የገባንበትን የብረት ጋን ዘግተን አየሩን ለቀናት በፓምፕ እናወጣለን፤ በግድግዳው ላይ የተጣበቀው ውሃ እንዲለቅ ብረቱን ከ150 ዲግሪ በላይ እናግለዋለን፤ በመጨረሻም ስስ ጋዝ አስገብተን በኤሌክትሪክ ስናቀጣጥለው ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ብርሃን እየሰጠ የግድግዳውን ቆሻሻ ይጠርጋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ዐይኔ ላይ የመጣው ጓሯችን ነው፤ በግራዋ የታጠበው ጋን በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ፣ አንቺ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ። አንገትሽን በጋኑ አፍ አስገብተሽ አሽትተሽ «ገና ነው» ካልሽ፣ የማኅበር ቀን ነገ ቢሆንም እንኳ እንደገና ይታጠባል።

ባለፈው በጋ ጋኑን ዘግተን አየሩን ስናወጣ ግፊቱ ወርዶ ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በውስጡ የቀረው ውሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ገና አልደረቀም ብለን እንጠብቅ ነበር። መለኪያው የሚያሳየው ግን ናይትሮጅንና ኦክስጅን፣ አራት እጅ ለአንድ እጅ ገደማ ነው፤ እሱ ደግሞ የምንተነፍሰው አየር ነው። ምርጊቱ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ሦስት ሌሊት ፈለግን። እንደ መርፌ በቀጠነ ቱቦ በየመጋጠሚያው ዙሪያ ሂሊየም እንረጫለን፤ ስንጥቁ ጋ ሲደርስ ወደ ውስጥ ገብቶ መለኪያው ላይ ይታያል፤ ሂሊየም ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ከላይ ጀምረን ወደ ታች እንወርዳለን። በሦስተኛው ሌሊት አንዲት የመስታወት መስኮት ጥግ ላይ ስደርስ የመለኪያው ቁጥር ዘለለ። ቱቦውን አራቅሁ፤ ወረደ። መለስኩት፤ እንደገና ዘለለ።

ብሎኖቹን ፈትተን የመዳብ ጓርኒሲዮኑን፣ መጋጠሚያውን የሚደፍነውን ቀለበት፣ አወጣሁት። ከጸጉር የቀጠነ ጭረት አለበት። በጓንት ይዤ ወደ መብራቱ አዘንብዬ ካላየሁት አይታይም። በዚያ ቦታ ያስቀመጥኩት እኔ ራሴ ነበርኩ፤ የሥራ ሰዓት ሊያልቅ ሲል ቸኩዬ፣ ወደ ብርሃን ሳላዘነብለው። ሌሎቹ ምንም አላሉኝም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ድምፅሽን ሰማሁት፤ «ገና ነው።» ከዚያ ወዲህ አንድም ቀለበት በሁለት ብርሃን ሳላየው አላስቀምጥም።

ስለዚህ ጎረቤት ሲጠይቅሽ «ልጄ መብራት ልታመጣ ነው» አትበይ፤ እንዳይጠብቁ። «ጋኑን እያጠበች ነው» በያቸው። ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ ይገባታል።

ሌላው ነገር፣ ጄሪካን ትሸከሚያለሽ ብሎ ወንድሜ ነግሮኛል። ተይ፣ እባክሽ። ለጋሪ የሚሆን ገንዘብ በባንክ ልኬያለሁ፤ ውሃውን የሚያመጣልሽ ሰው እንዲከፈለው ነው እንጂ ቤት ውስጥ ሌላ ነገር እንድትገዢበት አይደለም።

ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ ለገና እደርሳለሁ። የጥምቀቱን ጠላ አብረን እንጠምቃለን። ትልቁን ጋን እስክመጣ እንዳትነኪው፤ እንደተደፋ ይቆይ። ግራዋውን ወንድሜ ይቁረጥ፤ ወይራውን አንቺ ምረጪልኝ። እኔ አጥቤ አጥኜ ስጨርስ አንገትሽን አስገብተሽ ታሸቺልኛለሽ።

የምትወድሽ ልጅሽ