ተማሪው ሳይመረቅ የሚያልቅ ሳተላይት

ጤና ይስጥልኝ የጋዜጣው አዘጋጆች፣ ባለፈው ሰሞን ሳተላይት ለእኛ ቅንጦት ነው አይደለም የሚል ክርክር አውጥታችሁ ነበር፣ ሁለቱም ወገን ስለ ብር ብቻ ሲያወራ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። እኔ ኤሌክትሮኒክስ አስተማሪ ነኝ፣ ስለ በጀቱ ብዙም አላውቅም፣ ግን በዛ ሁሉ ክርክር ውስጥ ተማሪ የሚባል ፍጡር አንዴም አለመነሳቱ ገርሞኛል። እና ስለ አንድ አስተማሪ ልንገራችሁ፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ቦብ ትዊግስ ይባላሉ፣ አሜሪካዊ ናቸው። መጀመሪያ ዩታ ዌበር ስቴት፣ ከዛ በ1990ዎቹ ስታንፎርድ፣ በኋላ ደግሞ ኬንታኪ ሞርሄድ ስቴት አስተምረዋል። ስታንፎርድ እያሉ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሳፋየር የምትባል ሳተላይት መሥራት ጀመሩ፣ ሳፋየር ታዲያ ጠፈር የወጣችው በ2001 ነው፣ በዛ መሀል ስንቱ ልጅ ተመርቆ ሄደ። ኦፓል የምትባለው ሁለተኛዋ በጥር 2000 ወጥታ ከሆዷ ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያካክሉ ትንንሾችን ለቀቀች፣ እሷም ብትሆን ዓመታት በልታለች። ሰውየውን ያሳሰባቸው ይሄ ነው። የማስተርስ ተማሪ ሁለት ዓመት ነው የሚቆየው፣ ሳተላይቱ አምስት ስድስት ዓመት ከፈጀ አንዱ ይጀምራል ሌላው ይጨርሳል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየው ግን ማንም የለም።

ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ መጠኑን ለመወሰን ፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገብተው ቢኒ ቤቢ የሚባሉት ትንንሽ የጨርቅ አሻንጉሊቶች የሚቀመጡባትን ግልጽ ሳጥን አነሱ። በቃ፣ ከፀሐይ መብራት የሚሰጣት ሶላር በዙሪያዋ ይበቃል አይበቃም ብለው ለኩባት። ጎኗ በየአቅጣጫው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 1 ኪሎ፣ ማለትም ከሱቅ እንደምንገዛው አንድ ኪሎ ስኳር። በ1999 ካል ፖሊ ከሚባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጆርዲ ፑይግ-ስዋሪ ጋር ሆነው ኩብሳት ብለው መለኪያውን አወጡ። ያኔ መጫወቻ ነው ብሎ የሳቀባቸው ብዙ ነበር። እኔ ግን ትልቁ ብልሃት ሳጥኗ አይመስለኝም፣ ካል ፖሊ የሠሩት ማስወንጨፊያ ነው። ሦስት ኩብ የሚይዝ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከኋላው ሞላ አለው፣ ጠፈር ላይ በሩ ሲከፈት ሞላው ገፍቶ ያስወጣቸዋል። ለምን ይሄ አስፈለገ፣ የሮኬቱ ባለቤት የሚፈራው የተማሪ ዕቃ መንገድ ላይ ተፈቶ የሚሊዮኖች ዶላር ሳተላይት እንዳይመታበት ነዋ፣ ተቆልፎ ከመጣለት ውስጡ ያለውን ነገር የሠራው ተማሪ ይሁን ማን ግድ የለውም። የተማሪ ሥራ ሮኬት ላይ የተፈናጠጠው በዚች ዘዴ ነው።

ጁን 30 ቀን 2003 ከሩሲያ ፕሌሴትስክ የመጀመሪያዎቹ ኩብሳቶች ወጡ። ሁሉም ሠሩ ብላችሁ እንዳታስቡ፣ አንዳንዶቹ ከወጡ በኋላ ድምፃቸው እንኳን አልተሰማም። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ልጆች የሠሯት ግን ከ15 ዓመት በላይ ሲግናል ስትልክ ኖራለች። እነዚህ ጃፓኖች ከየት መጡ ካላችሁ ያው ከትዊግስ ነው፣ በ1998 ሃዋይ ላይ በተደረገ ስብሰባ ሰውየው የለስላሳ ቆርቆሮ አንስተው ሳተላይቱን እዚች ውስጥ ሥሩት አሉ፣ ካንሳት የሚባለው እሱ ነው፣ በ1999 ኔቫዳ በረሃ ላይ በአማተር ሮኬት ወደ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ እየወጣ በፓራሹት ይወርድ ጀመር። ከቆርቆሮ እስከ ጠፈር አራት ዓመት ማለት ነው። ዛሬ ከ2,000 በላይ ኩብሳት ወጥቷል፣ በ2018 ሁለቱ ማርስ ድረስ ሄደዋል።

ወደ እኛ ልምጣ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትወጣ ደስ ብሎኝ በጠዋት ተነስቼ ነው ያየሁት፣ 70 ኪሎ ገደማ ናት፣ መቆጣጠሪያው እንጦጦ ነው፣ ጥሩ ነው። ግን ጋናዎች በ2017 ኬንያዎች በ2018 የላኳት የመጀመሪያቸው ባለ 10 ሴንቲ ሜትሯ ኩብ ነበረች፣ የጋናዋን በጃፓን ኪዩሹ የተማሩ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው የሠሯት። አሁን እኔን ተመልከቱኝ፣ ስሙን የማልጠራው ዩኒቨርሲቲ ስጨርስ የመመረቂያ ሥራዬ የሳተላይት አንቴና ነበር፣ ሁሉም ኮምፒውተር ላይ፣ 84 ገጽ፣ በጥቁር ልባስ ተጠርዞ በወርቃማ ፊደል ስሜ ተጽፎበት፣ ኤ አገኘሁ። አንዲት ሽቦ ሳልበይድ ማለት ነው! ዲግሪዬን ይዤ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ገብቼ ልጁ ትራንዚስተር ሲቀይር ሳይ እንዴት እንዳፈርኩ።

ስለዚህ ዘንድሮ ለተማሪዎቼ ወረቀት አልቀበልም አልኳቸው፣ የለስላሳ ቆርቆሮ ሰጠኋቸው። ግፊትና ሙቀት የምትለካ ሴንሰር፣ አርዱዪኖ የምትባል ፕሮግራም የሚጫንባት ትንሽ ሰሌዳ፣ ትንሽ ራዲዮ፣ ፓራሹቱ ፌስታል ነው፣ መጀመሪያ ጥቁሩን ሞከሩ ተቀደደ፣ ከዛ ወፍራሙን የቡቲክ ፌስታል በስምንት ክር አሰሩት። ከትምህርት ቤታችን ጂ ፕላስ 3 ጣራ ስንለቃት ሦስት ሰከንድ ዳታ ላከች፣ ከዛ ግቢው ውስጥ ያለ ጽድ ላይ ተሰቀለች። ልጆቹ ግን እልልታው አይጣል ነው፣ አንዷማ ስክሪኑ ላይ ያሉትን ቁጥሮች በስልኳ ፎቶ አንስታ ለእናቷ ላከች።

ሦስት ሰከንድ ለግራፍ አይበቃም እንጂ ሌላ ችግር የለብንም። አንድ ረዘም ያለ ሕንፃ ብንጠይቅ ጥበቃው ምን ልትወረውሩ ነው ብሎ በር ላይ መለሰን፣ አልፈርድበትም። ከአንባቢዎቻችሁ ጂ ፕላስ 10 እና ከዛ በላይ ጣራ ያለው፣ ሥሩ መኪና የማይቆምበት ግቢ ያለው ሰው ካለ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ቢፈቅድልን በጋዜጣችሁ በኩል ይድረሰኝ። ቆርቆሮዋ ከነሙሉ ዕቃዋ 310 ግራም ናት፣ መጥቶ መመዘን ይቻላል።

የኤሌክትሮኒክስ መምህር፣ ከአዳማ