ሌሊት መስኮት ስለምከፍተው ነገር

ሚጡዬ አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አንቺ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮሽ ስበሽ ተኝተሻል፣ እኔ ደግሞ መስኮቱ ስር ቁጭ ብዬ በነጠላዬ ጫፍ አንገቴን እያራገብኩ በስልክ እየጻፍኩልሽ ነው። ታህሳስ መሆኑን አውቃለሁ። ትላንት "እማ በብርድ ልትገድዪኝ ነው እንዴ" ብለሽ መስኮቱን ስትዘጊው ጮህኩብሽ፣ አንቺም በሩን ወርውረሽው ሳሎን ሄድሽ። ፊት ለፊት ልነግርሽ ስንት ቀን አሰብኩ፣ አፌ እሺ አይለኝም፣ ስለዚህ ይኸው።

መጀመሪያ ያን የቡናውን ነገር ይቅር በይኝ። ፔሬድሽ በመጣ በሶስተኛው ቀን ጎረቤት ቡና ላይ "ልጄ እኮ ደረሰች" ብዬ ተናገርኩ፣ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው፣ ፈንዲሻ ይዘሽ ስትገቢ አንዷ ከላይ እስከ ታች አይታሽ "አይ ጊዜ፣ ትላንት በጀርባ ታዝላ" አለች። ሰሃኑን አስቀምጠሽ የወጣሽበትን አወጣጥ አልረሳውም። ለኔ ደስታ ነበር በናትሽ፣ ግን ገላው ያንቺ ነው፣ ወሬውም ያንቺ ነበር። ሚያሳፍረኝ ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ያንቺን በሶስት ቀን ለሰፈር ያሰማሁት ሴትዮ የራሴን አመት ሙሉ ላባትሽ እንኳን ሳልነግር ደብቄአለሁ።

እያረጥኩ ነው ሚጡ።

ቃሉ ራሱ ስድብ ይመስላል አይደል፣ እኛ ያደግነው "ያረጠች" ሲባል ያለቀላት ማለት ነው ብለን ነው። 48 አመቴ ነው፣ አብዛኛዋ ሴት ከ45 እስከ 55 ባለው ነው ሚደርስባት። ሐኪሞቹ አረጠች ሚሉት ድፍን 12 ወር ደም ሳታይ ስትቀር ነው፣ ከዛ በፊት ግን አመታት ሚፈጅ ትርምስ አለ፣ እኔ እዛ ውስጥ ነኝ። ድንገት ከደረቴ ይነሳና በአንገቴ አድርጎ ፊቴ ላይ ይወጣል፣ ምጣድ ላይ የተጎነበስኩ ነው ሚመስለኝ፣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሁለት ሶስት ደቂቃ ይቆይና ላቤን ጥሎብኝ ይሄዳል፣ ከዛ ደግሞ ይበርደኛል። መጀመሪያ ግፊት ነው ብዬ ሶስቴ ተለካሁ፣ ደህና ነሽ ተባልኩ። ሶስተኛዋ ነርስ ናት ቀስ ብላ "ፔሬድሽ እንዴት ነው" ያለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጭንቅላታችን ውስጥ የሰውነት ሙቀት ሚጠብቅ ክፍል አለ፣ ኤስትሮጅን ሚባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ እሱ ትንሽ ሙቀት መጨመሯን እንኳን አይችልም፣ እሳት እንደተነሳ ቆጥሮ ላቡን ይለቀዋል። መስኮቱ ለዛ ነው።

አሁን ደግሞ ከዚህ የከበደውን ልንገርሽ። ጥቅምት ላይ ፔሬድሽ ሳይመጣ ሲቀር ክፉ ነገር አሰብኩ። ቦርሳሽን ፈተሽኩ፣ ስልክሽንም አየሁ። 13 አመትሽ ነው እኮ! በዛው ወር የኔም ሁለት ወር ዘሎኝ ነበር፣ እኔም ሰው ማያውቀኝ ሰፈር ድረስ በታክሲ ሄጄ ፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዛሁ፣ ሽንት ቤት ቆልፌ አንድ ሰረዝ ይሁን ሁለት እያልኩ ስንቀጠቀጥ አንቺ በር ታንኳኪያለሽ። አንድ ሰረዝ ነበር። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፣ ሁለታችንን ያዘለለን ነገር ተመሳሳይ ነው፣ ያን ወር እንቁላል አልወጣም። ያንቺ ጭንቅላትና እንቁልጢ፣ እንቁላሉን ሚያወጣው እጢ፣ ገና መነጋገር እየለመዱ ነው፣ መጀመሪያዎቹ ሁለት አመታት ከ21 እስከ 45 ቀን ሊለያይ ይችላል፣ መንጃ ፈቃድ ገና እንዳወጣ ሹፌር አንዴ ነዳጅ አንዴ ፍሬን ነው። የኔ ደግሞ አሮጌ ላዳ ነው፣ እንቁላሉ እያለቀ ስለሆነ ጭንቅላቴ ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞረው ሞተሩ አንዳንዴ ነው ሚነሳው። ቦርሳሽን በመፈተሼ አፍራለሁ።

እኔ በ1985 ገጠር ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ሲመጣብኝ ሞዴስ ሚባል አይቼም አላውቅም። ተቀደድኩ መስሎኝ እንሰሳ መጠጫው ጋ ተደብቄ አለቀስኩ፣ እናቴ አግኝታኝ የአሮጌ ቀሚሷን ጨርቅ ቀዳ ሰጠችኝና "አደፍ ነው፣ ላባትሽ እንዳትናገሪ" አለችኝ፣ በቃ ትምህርቱ ያ ነው። በየወሩ ሶስት ቀን ከትምህርት ቤት እቀር ነበር። ዛሬም ባለሱቁ ሞዴስ ሲሸጥልሽ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነው ሚከተው፣ ኮኬይን የገዛሽ ይመስል ☺️ እሁድ እለት ደግሞ አንቺ ቤተክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ከዛፉ ስር ስትቀሪ ወንድምሽ "ለምን አትገቢም" ብሎ ጮኸ። እኔ ስንት ወር ሳላቋርጥ ስገባ ግን ማንም ልብ አላለ። እሱንም ተይው፣ ድምፁ እንደ አውራ ዶሮ እየተሰነጠቀ እኮ ነው፣ የሱም ሆርሞን ማንቁርቱን እያሳደገው ነው፣ ስቀሽበታል አይደል፣ አትሳቂበት።

ቁርጠቱን በተመለከተ ዝም ብለሽ አትቻዪው። ማህፀን ሲኮማተር ነው ሚያመው፣ ያን ሚያኮማትረውን ነገር አይቡፕሮፊን ይቀንሰዋል፣ ምግብ በልተሽ፣ ህመሙ ሳይበረታ፣ ሲጀማምርሽ ውሰጂ፣ የጨጓራ ነገር ካለሽ ግን ንገሪኝ። ሃይላንድ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ ሆድሽ ላይ አድርጊው፣ የፈላ አታድርጊ ይቀልጣል። ሞዴሱን ባይሞላም በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ቀይሪው። በሰዓት በሁለት ሰዓት እየሞላብሽ ካስቸገረሽ፣ ከሰባት ቀን ካለፈ ወይ ሶስት ወር ጠፍቶ ከቀረ ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ቦርሳ ሳልፈትሽ። ብጉሩን አታፍርጪው፣ እሱም ሆርሞኑ ቅባት እያበዛብሽ ነው፣ ጠባሳው ግን ያንቺ ነው ሚሆነው።

እኔም ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ። ሆርሞኑን ሚተካ መድኃኒት አለ ይባላል፣ ለኔ ይሆን እንደሆነ ሐኪሟን ልጠይቃት ነው፣ የአጥንቴንም ነገር፣ ኤስትሮጅን ሲሄድ አጥንት ይሳሳል። አብረሽኝ ብትሄጂ ደስ ይለኛል፣ ካልፈለግሽም አልቀየምም። ላባትሽ እኔው ራሴ ነግሬው ልሂድ፣ እስከዛ ምስጢሬ አንቺ ጋ ይሁን፣ ቡና ላይ ልታወጪው ብትፈልጊም ምን አፍ አለኝ።

ጋቢው ሳጥኑ ላይ ነው፣ ደርቢበት። መስኮቱን ግን አትዝጊብኝ።