ከሸራ ሥር ያገኘኋት ጃዋ

አዳማ፣ ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የናፍቆት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔም ልጆቹም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬ እንደነገረችኝ ብርዱ ሲገባ ጉልበትዎን እንደገና አሞዎታል፤ የአሰላን የኅዳር ውርጭ ስለማውቀው ወፍራም ካልሲና የሚታሽ ቅባት በሰው ልኬያለሁና እባክዎ ለሌላ ሰው ሳይሰጡ ራስዎ ይጠቀሙበት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ግን በሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ጊዜ በስልክ ጀምሬልዎ ነበር፤ ጆሮዎ በደንብ አልሰማ ብሎዎት «ሞተር? የማን ሞተር? ማን ወደቀ?» እያሉ ሲደነግጡብኝ ነገሩን ቆርጬ ስለ ጤናዎ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት። ማንም አልወደቀም፣ አባባ።

ባለፈው ቅዳሜ ለእህቴ ልጅ የሚከራይ ክፍል ፍለጋ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ካሉት ግቢዎች ወደ አንዱ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር ትቼው ልወጣ ስል፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሸራ የለበሰ ነገር አየሁ፤ ከሸራው ጫፍ ሁለት ማርሚታዎች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ብቅ ብለዋል። እነዚያን ማርሚታዎች ከሺህ መካከል ባያቸው አልስታቸውም። ሲሊንደሯ አንድ ሆኖ ሳለ የጭስ መውጫዋ ሁለት የሆነ ሞተር ሳይክል በልጅነቴ ያየሁት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእርስዎ ጃዋ 250 ነበረች።

የግቢው ባለቤት ሰባውን ያለፉ እናት ናቸው። ባለቤታቸው በምድር ባቡር ጋራዥ ሲሠሩ ኖረው ከ11 ዓመት በፊት አርፈዋል። ቆሜ መቅረቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ታውቂያታለሽ እንዴ?» አሉኝና ሸራውን ራሳቸው ገለጡት።

ቀለሟ ያ የማውቀው የደረቀ በርበሬ ቀለም ነው፤ ፋብሪካው ከቀባት ወዲህ ሌላ ብሩሽ አልነካትም። በሰልቫትዮዋ፣ በቤንዚን መያዣዋ ማለቴ ነው፣ ዙሪያ የተሰመረችው ቀጭን ወርቃማ መስመር በሁለቱም ጎን አለች፤ ከጉልበት ላስቲኩ አጠገብ ብቻ፣ የነጂው ሱሪ ለብዙ ዓመታት ሲታከካት ከመኖሩ የተነሣ፣ ደብዝዛ ደብዝዛ ጠፍታለች። እርስዎ የሌላ ሰው ሞተር ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት የቡሎኖቹን ራስ እንደነበረ ትዝ አለኝና እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በማይገጥም ቁልፍ ተገዝግዞ የተላጠ አንድም አላገኘሁም። ካቴናዋ እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ በቆርቆሮ ሽፋኑ ውስጥ ናት። ዛሬ አዳማን የሞሏት ሞተሮች ካቴናቸው ራቁቱን አቧራ ሲቅም እየዋለ በየጊዜው ሲበጠስ ሳይ፣ ይህን ሽፋን ማን እንዳስቀረው ይገርመኛል።

በግራ በኩል ያለችውን ፔዳል ያስታውሷት የለ? የልጅ ልጃቸው ጎረምሳ ነው፤ ማስነሻዋ የት እንዳለ ስጠይቀው ያሳየኝ ማርሹን ነበር። እኚህ እናት ሳቁና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ ያቺኑ የማርሽ ፔዳል ወደ ሞተሩ ገፋ አድርገው ወደ ላይ አዞሯት፤ ማስነሻ ሆነች። ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ረገጧት፣ በሦስተኛው ተነሣች። ከዚያ በእጃቸው ወደ ቦታዋ ሲመልሷት ደግሞ ማርሽ ሆነች። ይህቺው ፔዳል ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮኑንም አብራ እንደምትለቅ፣ በዚህም ምክንያት ጣት ሳያስፈልግ በእግር ብቻ መቀየር እንደሚቻል ባለቤታቸው አስተምረዋቸው እንደነበር ነገሩኝ።

ጉድለት የላትም ማለቴ አይደለም። ጎማዎቿ የቅርብ ጊዜ ናቸው፣ የፍጥነት መቁጠሪያዋ መስታወት ተሰንጥቋል፣ የመቀመጫዋ ቆዳ በአገር ቤት ሰፊ እጅ እንደገና ተሰፍቷል። የአዳማ ደረቅ አየር ብረቷን ከዝገት ቢጠብቅላትም ላስቲኮቿን አሰነጣጥቋቸዋል። ነገር ግን እኔን ያሳመኑኝ እነዚሁ ጉድለቶች ናቸው፤ የተጠቀመባት ሰው ምልክት እንጂ የተበላሸ ነገር ለመደበቅ የተሠራ ሥራ አላየሁባትም። አንድ ወጣት መካኒክ በነጻ ልቀባልዎትና ኒኬል ላስነክርልዎት ብሏቸው እንደነበር፣ እሳቸውም «አሮጊትን ኩል ቢኳሏት ልጃገረድ ትሆናለች እንዴ?» ብለው እንደመለሱት ሲያወሩኝ የልጅ ልጃቸው አፍሮ ፊቱን አዞረ። መካኒኩ ራሱ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አያያዛቸውን ቢያዩ ደስ ይልዎታል። ሰልቫትዮዋ ጎደሎ ከሆነ ውስጡ አየርና እርጥበት ይዞ እንደሚዝግ ስለሚያውቁ ሁልጊዜ እስከ አፏ ሞልተው ያስቀምጧታል። ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቅሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ መለኪያውም ሌላ ነገር የማይነካው አንድ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አስነሥተው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩአታል፤ ሲያጠፏትም ጎማዋ በአንድ በኩል ተኝቶ እንዳይቀር ቸርኬውን ትንሽ አዙረው በመደገፊያዋ ያቆሟታል።

የዘይቱን ነገር ሲነግሩኝ አንድ የልጅነት ትዝታ መጣብኝ። እርስዎ በካዱ፣ በጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሲሠሩ፣ አንዳንድ ቅዳሜ ከኋላዎ አስቀምጠውኝ ወደ አዳማ ስንወርድ፣ ኢተያን አልፈን ወደ ዴራ የሚወስደው ቁልቁለት ሲጀምር ጋዙን ይዘጉት ነበር። ዳሩ ግን በየጥቂቱ እጅዎን ጠምዘዝ እያደረጉ ሞተሩን ያስጮሁታል፤ እኔ ለእኔ ጨዋታ የሚያደርጉልኝ መስሎኝ በእያንዳንዷ ጩኸት እስቅ ነበር። ለካስ እንዲህ ያለው ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ፣ ጋዙ ተዘግቶ ረጅም ቁልቁለት ሲወርድ ፒስቶኑ በቂ ዘይት ሳያገኝ ደርቆ ሊነክስ ይችላል። እርስዎ ያን ጊዜ ሞተሩን ያጠጡ ነበር። እኔ ይህን ለማወቅ ይህን ሁሉ ዓመት ወሰደብኝ።

ያኔ «የቼክ ናት» ከማለት በቀር ስለ ስሟ አልነገሩንም። ያኔቼክ የሚባል ሰው ዋንደረር ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ የሞተር ሳይክል ሥራ መብት ገዝቶ በ1929 እ.ኤ.አ. ማምረት ሲጀምር፣ የሁለቱን ስሞች መነሻ (በላቲን ፊደል Ja እና Wa) አጣምሮ ጃዋ አላት። በጦርነቱ ጊዜ አገሪቱ በጀርመን ተይዛ ሳለ መሐንዲሶቹ አዲሷን 250 በምስጢር ሲነድፉ ቆይተው በ1946 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ለዓለም አሳዩአት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በጳጉሜን፣ የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እርስዎ ለሥራ በቆጂ ሄደው ሳለ ለእንቁጣጣሽ ላስደስትዎ ብዬ ከበሩ ቀለም የተረፈውን ሰማያዊ ይዤ ጃዋዋን ቀባኋት። ሰልቫትዮውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ፣ ያቺን ወርቃማ መስመርም «አሮጌ ጭረት» መስላኝ አጥፍቼ፣ የፓራፋንጎውን ግማሽ ጨርሼ ነበር ቀለሙ ያለቀብኝ። ማታ ሲመጡ አንድ ጊዜ ዞረው አይዋት፤ ከዚያ «እጅሽን በላምባ ታጠቢ» ብለውኝ ወደ ቤት ገቡ። አልተቆጡም፣ አልመቱኝም፣ እስከ ዛሬም አንድ ቀን አላነሡብኝም። እኔም ያን ዝምታ እንደ ምስጋና ቆጥሬ ለጓደኞቼ ሁሉ እኔ ነኝ የቀባኋት እያልኩ ስኩራራ ከረምኩ።

ቅዳሜ ዕለት ያቺን የደበዘዘች መስመር በጣቴ ተከትዬ ስሄድ ነው የሠራሁት የገባኝ። አዲስ ቀለም ገዝቶ መቀባት ቀላል ነው፤ እኔ ያጠፋኋትን የእርስዎን ጃዋ መስመር ግን ያሰመረው እጅ በዓለም ላይ የለም፣ የደበዘዘችበትን ቦታ ያደበዘዘውም የእርስዎ ጉልበት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ይህን በስልክ ጮኼ ልነግርዎ ስላልቻልኩ ነው የጻፍኩት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ጃዋዋ ከተነሣች በኋላ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ከታች በኩል አንድ ደረቅ ኳኳታ ይሰማል፤ ሲሞቅ ይጠፋል። የልጅ ልጃቸው መከፈት አለበት ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ፈርተዋል። እኔ ሳላስፈቅድዎ «አባቴ ሳይሰማው እንዳይከፈት» ብዬ ቃል አስገባኋቸው። ጆሮዎ እንደ ድሮው እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የዚያን ረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ከጆሮዎ ኋላ አጥንት ላይ ሲያደርጉ ሌላ ሰው የማይሰማውን ይሰሙ ነበር። ለገና ሲመጡ መኪና ልኬ አስመጣዎታለሁ፤ ካቻቢቴው አሁንም በብረት ሳጥኑ ውስጥ ካለ እባክዎ እንዳይረሱት። እኚህ እናት ቡና አፍልተው እንደሚጠብቁዎት ነግረውኛል፤ ሸራውንም እርስዎ እንዲገልጡት ይፈልጋሉ።

እማዬን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ