የዓመቱ ማጠቃለያ መጽሔትና የተሸላሚ ተማሪዎች የምስክር ወረቀት ኅትመትን በተመለከተ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ርዕሳነ መምህራን፣ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባላትና የሚኒ ሚዲያ ክበብ ተጠሪዎች

ጉዳዩ፦ የስም፣ የውጤትና የደረጃ ዝርዝር አቀባበላችን መለወጡን ስለማሳወቅ

የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና በተቃረበበት በዚህ ወቅት፣ እንደ ወትሮው የመዝጊያ በዓላችሁን መጽሔት፣ የተሸላሚዎችን የምስክር ወረቀትና የመድረኩን ባነር ለማሳተም መደወል ጀምራችኋል። ስለ እምነታችሁ እያመሰገንን፣ ከዚህ ዓመት ጀምሮ በአሠራራችን ላይ ያደረግነውን አንድ ለውጥ ሥራው ሳይጀመር እንድታውቁት እንፈልጋለን። የተማሪዎች ሙሉ ስም፣ አማካይ ውጤትና ደረጃ የሰፈረበት ዝርዝር በርዕሰ መምህሩ ወይም እርሳቸው በወከሉት ሰው በየገጹ ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ካልደረሰን በስተቀር የምስክር ወረቀትም ሆነ የመጽሔቱን የክብር ገጽ ማተም አንጀምርም። ነገሩ ወረቀት ማብዛት መስሏችሁ ቅር እንዳትሰኙ ምክንያቱን ቀጥለን አስረድተናል።

ባለፈው ሰኔ የሆነውን ከሌላ ከምትሰሙ እኛው ብንነግራችሁ ይሻላል። ለአንድ ትምህርት ቤት 140 የምስክር ወረቀት አትመን በበዓሉ ዋዜማ አስረከብን። በማግስቱ ከ10ኛ ክፍል አንደኛ የወጣችው ተማሪ ስሟ ተጠርቶ መድረክ ወጣች፣ የምስክር ወረቀቷን ከክብር እንግዳው እጅ ተቀበለች፤ ወደ ወላጆቿ ተመልሳ ስታነበው ግን የራሷ ስም ከሌላ ልጅ አባትና አያት ስም ጋር ተጋብቶ አገኘችው። ከእርሷ ቀጥለው የተጠሩትም እንዲሁ ሆኑ። ነገሩን ስናጣራ፣ በኤክሴል የተላከልንን ዝርዝር በፊደል ተራ ያስያዘው የእኛው የዲዛይን ሠራተኛ የተማሪዎቹን ስም የያዘውን ዓምድ ብቻ መርጦ ኖሯል፤ ስሞቹ ወደ ላይና ወደ ታች ሲዘዋወሩ የአባትና የአያት ስም በነበሩበት ቀርተዋል። ማሳያውን ለትምህርት ቤቱ ልከን «ጥሩ ነው፣ ቀጥሉ» የሚል መልስ በቴሌግራም ደርሶን ነበር፤ ሆኖም በስልክ መስተዋት ላይ የታየው የአርማው አቀማመጥና የጠርዙ ቀለም እንጂ የስሙ ዝርዝር አልነበረም። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ሁሉንም በራሳችን ወጪ በሁለት ቀን ውስጥ መልሰን አትመናል፤ ልጅቱ ግን መድረክ የምትወጣው አንድ ቀን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ በእጃችን የተፈረመ ወረቀት ቢኖር ኖሮ፣ አራሚያችን ከማሽኑ የወጣውን ከዚያ ጋር መስመር በመስመር አመሳክሮ ስሕተቱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባገኘው ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረን የስም አጻጻፍ ስለሆነ እዚህ ላይ ጥቂት ዘርዘር እናድርግ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በንግግር አንድ ሆነው በጽሕፈት ስለሚለያዩ፣ አንዲት ተማሪ በስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ ላይ «ፀሐይ»፣ ስም ጠሪ መምህሯ በሞላው ሮስተር ላይ «ፀሀይ»፣ በፋይዳ መታወቂያዋ ላይ ደግሞ «ጸሐይ» ሆና ልትገኝ ትችላለች። በላቲን ፊደል ሲሆን ይብሳል። «ቀ»ን አንዱ በኬ ሌላው በኪው ይጽፋል፤ «ፀ»ን በቲ ኤስ የሚጽፍም በቲ ዜድ የሚጽፍም አለ። በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ደግሞ ሲ ብቻዋን የ«ጨ»ን፣ ኤክስ የ«ጠ»ን ድምፅ ስለሚወክሉ፣ ጫልቱ የተባለች ተማሪ ስሟን በሲ ስትጀምር በትክክል ጽፋለች፤ የእኛ ሠራተኛ በአማርኛ ልማዱ ኤች ቢጨምርበት ያረመ ይመስለዋል እንጂ ስሟን ለውጦታል። ስለዚህ እኛ በራሳችን ፈቃድ የማንንም ስም «አናስተካክልም»። የምናትመው እናንተ እንደፈረማችሁበት ነው። ምክራችን ግን ዝርዝሩ ከቃል ወይም ከስም መጥሪያ ወረቀት ሳይሆን ከስምንተኛ ክፍል የምስክር ወረቀት ወይም ከፋይዳ እንዲገለበጥ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም ደግሞ ለብሔራዊ ፈተናው በተመዘገቡበት አጻጻፍ እንዲሰጠን ነው። የምስክር ወረቀቱ ነገ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል ወይም ለሥራ ማመልከቻ ቢያያዝ፣ በአንድ ፊደል መለያየት ምክንያት «ይህ ያንቺ ነው ወይ» የሚል ጥያቄ የሚመጣው በተማሪዋ ላይ ነውና። የአያት ስምም አይቅር፤ በስምና በአባት ስም ብቻ የሚገጣጠሙ ተማሪዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ሳይቀር ያጋጥሙናል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ የኮምፒውተር ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ በአንድ ዓይነት እንዲነበቡ በሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) ሰንጠረዥ ውስጥ ከተካተተ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ ያም ሆኖ በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፊደላት የተተየበ ሮስተር እስከ ዛሬ ይደርሰናል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ወደ አዲሱ አሠራር ስንገለብጠው አንዳንድ ፊደላት ሳይታወቀን ሊቀየሩ ስለሚችሉ፣ የሚቻላችሁ በዩኒኮድ እንድትልኩልን፣ የማይቻላችሁ ደግሞ የታተመውን ወረቀት ከፋይሉ ጋር አብራችሁ እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

የዘመን አጻጻፍም ብዙ ጊዜ አሳስቶናል። በሁለቱም አቆጣጠር የሚጻፍ የምስክር ወረቀት ስታዙን «2018 ዓ.ም.» ከሚለው አጠገብ 2025 ይሁን ወይስ 2026 የሚለው ክርክር በየዓመቱ ይነሣል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ስለሆነ፣ ሰኔ 2018 ላይ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት ቀኑ በ2026 ነው የሚውለው። የትምህርት ዘመኑን በሙሉ ለማመልከት ከተፈለገ 2025/26 ተብሎ ይጻፍ። ሁለቱን መቀላቀል አንባቢን ያደናግራል።

ስለ ደረጃ የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነው፤ መልሱ ግን የእናንተ ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ቢደርሰን እንወዳለን። አማካይ ውጤቱ ከነጥብ በኋላ ስንት አኃዝ ይያዝ? እኩል ያመጡ ሁለት ተማሪዎች ሁለቱም 1ኛ ከተባሉ ቀጣዩ ተማሪ 2ኛ ይባል ወይስ 3ኛ? የትኛውንም ብትመርጡ እናትማለን፤ በአንድ መጽሔት ውስጥ 9ኛ ሀ በአንዱ መንገድ፣ 9ኛ ለ በሌላው ሲቆጠር ግን የሁለቱ ክፍል ወላጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያወዳድሩት መሆኑን አትርሱ።

የ12ኛ ክፍልን ውጤት በተመለከተ በየዓመቱ የሚቀርብልን ጥያቄ «ገጹን ክፍት ተዉልን፣ ውጤቱ ሲወጣ እንሞላዋለን» የሚል ነው። ይህ አይሆንም። ባለፉት ዓመታት እንዳየነው ብሔራዊ ፈተናው ክረምት ሲገባ ተሰጥቶ ውጤቱ የሚገለጸው አዲሱ ዓመት ሲጠባ ወይም ከጠባ በኋላ ስለሆነ፣ የሰኔው መጽሔት ሊጠብቀው አይችልም። ለሰኔው እትም የተፈታኞቻችሁን ስምና የቡድን ፎቶግራፍ ብቻ አውጡ፤ ውጤቱን በመስከረም ባለ አንድ ቅጠል ማሟያ አትመን በመጽሔቱ መጠን ቆርጠን እንሰጣችኋለን።

ያ ማሟያ ሲዘጋጅ ደግሞ ቁጥር አጻጻፉ ላይ ብንነጋገር መልካም ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ በመጀመሪያው ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ነበሩ። እንዲህ ባለ ዘመን ከ60 ተፈታኞች 15 ያሳለፈ ትምህርት ቤት የሚያኮራ ሥራ ሠርቷል፤ ነገር ግን ባነሩ ላይ «15 ተማሪዎች አለፉ» ብቻ ከተጻፈ፣ 400 አስፈትኖ 15 ያሳለፈውም ይህንኑ ሊጽፍ ስለሚችል አንባቢው ሊለያቸው አይችልም። የተፈተኑትና ያለፉት ቁጥር አንድ ላይ ይውጡ። በክብር ሰሌዳችሁ ላይ የየዓመቱን ከፍተኛ ነጥብ የምትደረድሩ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ጠቅላላውን ነጥብ አብራችሁ አስጽፉ። በ2016 በተፈጥሮ ሳይንስ የአገሪቱ ከፍተኛ ውጤት ከ700 ነጥብ 675 ነበር፤ በ2017 ግን ከ600 ነጥብ 591 ነበር። ያለ ጠቅላላው ነጥብ የሚያነብ ሰው ውጤቱ የወረደ ይመስለዋል፤ በመቶኛ ሲሰላ ግን ከ96.4 ወደ 98.5 ከፍ ያለ ነው።

የሚቀጥለው ከማተሚያ ቤት የማይጠበቅ አስተያየት ቢመስልም፣ ብዙ የትምህርት ቤት መጽሔቶች በእጃችን ስላለፉ ለመናገር ደፈርን። ወላጆች ፈጥነው የሚገለብጧቸው ገጾች የርዕሰ መምህሩ መልእክትና የስፖንሰሮች ማስታወቂያ መሆናቸው የታወቀ ነው (ማስታወቂያው የኅትመቱን ወጪ እንደሚሸፍን ግን አንዘነጋም)። ደጋግመው የሚያነቧቸው የልጆቻቸው ስም ያለባቸውን ነው። ከየክፍሉ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡትን ብቻ ስታወጡ ከ50 ተማሪዎች የ47ቱ ቤተሰብ መጽሔቱን አንድ ጊዜ አይቶ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት 52 አማካይ የነበራት ተማሪ በሁለተኛው 71 ብታመጣ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ያልቀረ ልጅ ቢኖር፣ የቀይ መስቀል ክበብ ተጠሪው ወይም በጥያቄና መልስ ውድድር ክፍሉን የወከለው ተማሪ ቢጠቀስ፣ ገጹ ይሞላል፤ ወረቀቱም አይጨምርም። በአንጻሩ የሁሉንም ተማሪ ውጤት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደረጃ ድረስ ዘርዝረው እንድናትም የጠየቁን ነበሩ። ያንን ከዚህ በኋላ አንቀበልም። ዝቅተኛ ውጤት ለልጁና ለወላጁ በካርድ የሚነገር ነገር ነው። የተማሪዎችን የትውልድ ቀንና የስልክ ቁጥርም አናትምም፤ ፎቶግራፋቸው በትልቁ ለሚወጣ ተማሪዎች የወላጅ ፈቃድ መኖሩን እናንተ እንድታረጋግጡልን እንጠይቃለን።

ፎቶግራፍን ካነሣን፣ እባካችሁ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩልን። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክስል ይቀነሳል፤ ለጥሩ ኅትመት በሚያስፈልገው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይህ 11 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። 29.7 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው የኤ4 ሽፋን ላይ ሲለጠጥ የዋንጫ አሸናፊው ቡድን ፊት የሚደበዝዘው ከቀለማችን ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው። በመሃል በሽቦ የሚሰፋ መጽሔት ገጹ በአራት መካፈል ስላለበትም፣ 18 ገጽ ያዘጋጀ ትምህርት ቤት ወይ ሁለት ይጨምር ወይ ሁለት ይቀንስ።

ስለ ዋጋና ስለ ጊዜ ባጭሩ፦ አብዛኛው ወረቀትና ቀለም ከውጭ የሚገባ በመሆኑና የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ የምንሰጠው ዋጋ ማቅረቢያ የሚጸናው ለሰባት ቀን ነው። የተፈረመው ዝርዝር ከበዓሉ ቀን አሥር የሥራ ቀናት አስቀድሞ ሊደርሰን ይገባል፤ ማሳያውን በወረቀት አትመን እንልክላችኋለን፤ እናንተም በሁለት ቀን ውስጥ እያንዳንዱን ስም አይታችሁ፣ ስሕተት ያለበትን በቀይ አርማችሁና ፈርማችሁ ትመልሱልናላችሁ። ከዚያ በኋላ በኅትመቱ ላይ ከተፈረመው የተለየ ነገር ከተገኘ ወጪው የእኛ ነው፤ በተፈረመው ላይ ያለ ስሕተት ከሆነ ግን የወረቀቱን ዋጋ ብቻ እናስከፍላለን፣ የሥራውን አንጠይቅም። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት በዓል የያዛችሁ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ተራ የምንይዘው በስልክ ሳይሆን ዝርዝሩ በደረሰን ቅደም ተከተል መሆኑን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ዝርዝሩ የሚሞላበትን ባዶ ቅጽ፣ የተማሪው፣ የአባትና የአያት ስም በአማርኛና በላቲን ፊደል የሚጻፍባቸውን ዓምዶች ጨምሮ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዘናል። የራሳችሁ ቅጽ ካላችሁ እርሱንም እንቀበላለን፤ ፊርማውና ማኅተሙ ግን አይቅር።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅና ባልደረቦች